በሳይክል ወደ እንግሊዝ ገጠር ሲወጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የእንግሊዝ ገጠር በሳይክል ካልታየ ታየ አይባልም። በመኪና ሲያልፉት ግራና ቀኙ አጥር ብቻ ነው። በእግር ከሆነ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ተጉዘው ሁለት መንደር ቢያዩ ነው። ሳይክል መሃሉን ይዞታል። ሆኖም አንድ ቀን ወጥተው፣ ደክሟቸውና ተማረው የተመለሱ ብዙ ወዳጆች አሉኝ። ሳይክላቸው እስከ ዛሬ ኮሪደር ላይ ተደግፎ ቆሟል። ጉልበት አላነሳቸውም። ያጠፋቸው አወጣጣቸው ነው።

ትልቁ ስህተት ርቀቱን ብቻ አይቶ መነሳት ነው። «40 ማይል ምን አላት? 64 ኪሎ ሜትር ናት» ይላሉ። እንግሊዝ እንደኛ አገር ትልልቅ ተራራ ስለሌላት ሰው ይዘናጋል። ዳገቷ ግን አጭርና ቀጥ ያለ ነው፣ ደግሞም ይደጋገማል። በደቡብ ምዕራብ ባለው በዴቨን አውራጃ መንገዱ ወንዝ ድረስ ይወርዳል፣ ድልድዩን እንደተሻገሩ ወዲያው ይወጣል፣ ከላይ ሳያርፉ እንደገና ይወርዳል። እንጦጦን አንዴ ከወጡት አለቀ። የዴቨኑ ግን ከሰዓት በኋላም አያልቅም። በሰሜን ምዕራብ፣ ሌክ ዲስትሪክት በሚባለው ተራራማ አካባቢ ያለው የሃርድኖት መተላለፊያማ ከ30 በመቶ በላይ የሚያዘነብልበት ቦታ አለው። ለመዝናናት የወጣ ሰው እዚያ ምንም ሥራ የለውም።

ስለዚህ ከመውጣትዎ በፊት የአገሪቱ የካርታ ድርጅት የሆነውን የኦርድናንስ ሰርቬይን ካርታ ይመልከቱ። ሽፋኑ ሮዝ በሆነው፣ ባለ 1፡50,000 ካርታ ላይ መንገዱን የሚያቋርጡ ትንንሽ ቀስቶች አሉ። አንድ ቀስት ከ14 እስከ 20 በመቶ የሚያዘነብል ዳገት ነው። ሁለት ቀስት ከ20 በመቶ በላይ ነው። ሁለት ቀስት ካዩ ሳይክሉን እየገፉ እንደሚወጡ አስበው ሰዓትዎን ያስሉ። ለመጀመሪያ ቀን 20 ማይል ይበቃል። እውነቴን ነው፣ ይበቃል።

ዳገቱን ጨርሶ ካልፈለጉት የድሮ ባቡር መንገዶችን ይፈልጉ። ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት ስለማይወጣ ሐዲዱ ሲነጠፍ ኮረብታው ተቆርጦ፣ ሸለቆው ተሞልቶ ነው። ብዙ የባቡር መስመሮች እንዲዘጉ ሐሳብ ያቀረበው የቢቺንግ ሪፖርት እ.ኤ.አ. በ1963 ከወጣ በኋላ ብዙ መስመሮች ተዘጉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ዛሬ የሳይክልና የእግር መንገድ ናቸው። ፒክ ዲስትሪክት በሚባለው ኮረብታማ አካባቢ ያለው ሞንሳል ትሬይል የተባለ መንገድ 8.5 ማይል ያህል ነው፤ ተዘግተው የነበሩት ዋሻዎቹ በ2011 ተከፍተዋል። በበጋ ከሙቀቱ ወደ ዋሻው ሲገቡ የሚቀበልዎ ቅዝቃዜ ብቻውን ያስኬዳል። ልጅ ይዞ ለሚወጣ ሰው ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አላውቅም።

ሁለተኛው ስህተት ነፋሱን መርሳት ነው። እዚያ አገር ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ይነፍሳል። ከአየርላንድ ባሕር ተነስቶ ሰሜን ባሕር የሚደርሰውን፣ 140 ማይል ገደማ የሚሆነውን የሲ ቱ ሲ (ከባሕር ወደ ባሕር) የሳይክል መንገድ ብዙው ሰው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚሄደው ነፋሱ ከጀርባው እንዲሆን ነው። ደርሶ መልስ ከሆነ ደግሞ ነፋሱን ጠዋት፣ ጉልበት ሳለዎት ይጋፈጡት። ሲመለሱ ይገፋዎታል።

ስልክ ያሳየውን መንገድ ሁሉ ማመን ሦስተኛው ነው። እንግሊዝ ውስጥ በእርሻ መሃል የሚያልፉ መንገዶች ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ግን ለሳይክል አልተፈቀዱም። ምሰሶና በር ላይ የተለጠፈችውን ቀስት ያስተውሉ። ቢጫ ለእግረኛ ብቻ ነው፣ በሳይክል አይገቡበትም። ሰማያዊ የፈረስ መንገድ ነው። ከ1968ቱ የገጠር ሕግ ጀምሮ ሳይክልም ተፈቅዶበታል፤ ግን ለእግረኛና ለፈረሰኛ ቅድሚያ መስጠት ግዴታ ነው። ስልኩ «አቋራጭ» ብሎ ቢጫ ቀስት ውስጥ ካስገባዎት በሰው እርሻ እየሄዱ ነው ማለት ነው። መጨረሻው ብዙ ጊዜ ሳይክል ተሸክሞ የእንጨት አጥር መዝለል፣ ከዚያም ሳማ ውስጥ መግባት ነው። እንደኛው አገር ሳማ ያቃጥላል፣ በተለይ ቁምጣ ከለበሱ። የብሔራዊ የሳይክል መረብ ምልክት ደግሞ ሌላ ነው፦ ሰማያዊ ሰሌዳ ላይ በቀይ ውስጥ የተጻፈ ቁጥር። እሱን ይዘው ከሄዱ ብዙም አይሳሳቱም።

ቀኝ ይዘን ላደግን ሰዎች የሚከተለውን ጠበቅ አድርጌ እናገራለሁ። ከተማ ውስጥ ግራ መያዝ ቀላል ነው፣ ሌላው መኪና ያስታውስዎታል። አደጋው ያለው ባዶው የገጠር መንገድ ላይ ነው። ምሳ በልተው፣ ተጫውተው፣ ሳይክሉ ላይ ሲወጡ እጅዎ ሳያስቡት ወደ ቀኝ ይመራዎታል። መንገዱ ጠባብ፣ አጥሩ ከሰው በላይ፣ መታጠፊያው ዕውር ነው። ከወዲያ ትራክተር ይመጣል። እኔ ከእረፍት በተነሳን ቁጥር ጮክ ብዬ «ግራ!» እላለሁ። አብረውኝ ያሉትም ይመልሱልኛል። ሳይክል ከተከራዩ ፍሬኑንም ይሞክሩ፤ እዚያ አገር የፊት ጎማው ፍሬን በቀኝ እጅ ነው። ይህን ሳያውቁ ቁልቁለት ላይ ቀኙን ጭምቅ ቢያደርጉ በመሪው ላይ ተገልብጠው ሊወድቁ ይችላሉ።

ፈረስ ሲያዩ ከኋላ በዝምታ አይለፉ። ከሩቅ ሰላም ይበሉ፣ ድምፅዎን ያሰሙ፣ ቀስ ብለው ራቅ ብለው ይለፉ። ፈረስ የሚደነግጠው ባልሰማው ነገር ነው። ደወል ከሰው ድምፅ የተሻለ አይደለም።

ጎማ የሚተነፍሰው ደግሞ በዋናነት በመጸው ነው። ምክንያቱ ይገርማል። ወፎች ጎጆ የሚሠሩበት ጊዜ ስለሆነ ገበሬዎች ከማርች 1 እስከ ኦገስት 31 የቁጥቋጦ አጥራቸውን መቁረጥ አይፈቀድላቸውም። ከሴፕቴምበር ጀምሮ ግን የእሾሃማው ቁጥቋጦ ቁርጥራጭ መንገዱን ይሞላዋል። ቅያሪ የውስጥ ጎማ ሁለት ይያዙ፣ መንፊያም አይርሱ።

ምግቡንም «መንገድ ላይ አገኛለሁ» ብለው አይውጡ። የብዙ መንደር ፐብ (መጠጥና ምግብ ቤት) ወጥ ቤት ከምሳ በኋላ እስከ ማታ ይዘጋል፣ ሱቅ የሌለው መንደርም ሞልቷል። ጾም ላይ ከሆኑማ ጭራሽ ይቸገራሉ። ቆሎና በሶ ቦርሳ ውስጥ ቦታ አይፈጁም፤ ዳገት ላይ ከቸኮሌት ይልቅ ጉልበት ሆነውኛል።

ባቡር የሚይዙ ከሆነ ለሳይክሉም ቀድመው ቦታ ያስይዙ፤ ረጅም መንገድ የሚሄዱት ባቡሮች ብዙዎቹ ይጠይቃሉ። በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ደግሞ የማይታጠፍ ሳይክል የማያስገቡ አሉ።

የመጨረሻው ስህተት በተለይ የእኛ ሰው የሚሠራው ነው። ብሪስቶልን ከባዝ የሚያገናኘው የድሮ ባቡር መንገድ ከ1979 እስከ 1986 የተሠራ፣ 13 ማይል የሆነ፣ ሜዳማ የሳይክል መንገድ ነው። ሐበሻ ወዳጆቼ ባዝ መሃል ከተማ ደርሰው፣ ቡና ጠጥተው፣ በመጡበት ይመለሳሉ። ከተማው ሳይደርሱ በስተምዕራብ ባለው ኒውብሪጅ ሰፈር፣ በኬልስተን መንገድ ላይ ፌርፊልድ ሃውስ አለ። ጃንሆይ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩበት ቤት ነው፤ በኋላ በ1958 ለባዝ ከተማ ሰጥተውታል፣ አረጋውያን እንዲገለገሉበት። የጉብኝት ቀኑን ቀድመው ያረጋግጡና ከሳይክል መንገዱ ወጥተው ይሂዱ። ትንሽ ዳገት አለችው። እሷን በእግርዎ እየገፉ ይውጧት።