የናስካር ሹፌር ለምን እንደወደቀ ስታወሩ የምትሳሳቷቸው ነገሮች

ናስካርን፣ የአሜሪካኖቹን የመኪና ሬስ፣ ከሚያዩ ልጆች ጋር በተቀመጥኩ ቁጥር ክርክሩ ያው ነው፤ እገሌ አበቃለት፣ እገሌ አረጀ፣ እገሌ ድሮም ቢሆን በእድል ነበር። እሺ፣ ሹፌር ይነሳል ይወድቃል፣ ግን ለምን እንደሆነ ስትናገሩ ትንሽ ተጠንቀቁ እንጂ። ምሳሌዬ ዳረል ዋልትሪፕ ነው፣ የኬንታኪው ልጅ። 84 ድል፣ ሶስት ሻምፒዮና (1981፣ 1982፣ 1985)፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ስምንት ሲዝን ሙሉ ምንም። ሰው የሚሳሳተውን ስህተት ሁሉ በሱ ታሪክ ላይ ሲሳሳት ሰምቻለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፣ በካላንደር እንዳትከራከሩኝ።

«ክብ ትራክ ላይ ግራ መታጠፍ ብቻ እኮ ነው» የሚለውን አልመልስም። ካሊፎርኒያ ሪቨርሳይድ ላይ፣ ግራም ቀኝም በሚታጠፍ ትራክ፣ ሰውዬው ደጋግሞ አሸንፏል፣ በቃ።

ሲነሳ ሁሉንም ለሹፌሩ መስጠት

ጀማሪ የድል ብዛት ያያል እንጂ መኪናው የማን እንደሆነ አያይም። ዋልትሪፕ በ1981 ጁኒየር ጆንሰን ጋር ገባ። ጆንሰን ማለት በሰሜን ካሮላይና ተራሮች ድብቅ ውስኪ ጭኖ ከፖሊስ እያመለጠ መንዳት የተማረ፣ በኋላ ራሱም 50 ውድድር ያሸነፈ፣ ከዛ ባለቲም የሆነ ሰው ነው። ዋልትሪፕ እንደገባ በመጀመሪያው ዓመት 12፣ በሁለተኛው ዓመት 12 አሸነፈ፣ ሁለቱንም ዓመት ሻምፒዮን። ሰው «አይ ብቃት!» ይላል። ብቃትማ ብቃት ነው፣ ግን ከሱ በፊት እዛው ጋራዥ ውስጥ ኬል ያርቦሮ ከ1976 እስከ 1978 ሶስት ዓመት በተከታታይ ሻምፒዮን ሆኗል። ከ84ቱ ድል 43ቱ የመጣው ጆንሰን ጋር በነዳባቸው ስድስት ዓመታት ነው፣ ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ይሄን ሳታውቁ ስለ መውደቁ አታውሩ፣ ምክንያቱም ሲወጣ ምን ይዞት እንደወጣ ያላየ ሰው ሲወርድ ምን እንደለቀቀው አያይም።

ሻምፒዮን ማለት ብዙ ያሸነፈ ማለት አይደለም

በ1985 ቢል ኤሊየት የሚባል ሹፌር 11 ውድድር አሸነፈ፣ ከአራቱ ትልልቅ ውድድሮች ሶስቱን አሸንፎ የ1 ሚሊዮን ዶላሩን ቦነስ ወሰደ። ዋልትሪፕ 3 አሸነፈ። ሻምፒዮኑ ዋልትሪፕ። ነጥቡ ሳያቋርጥ በደህና ቦታ ለሚጨርስ ነበር የሚያደላው።

«አርጅቶ ነው»

እዚህ ጋ ነው ትዕግስቴ የሚያልቅ። ሃሪ ጋንት በ51 ዓመቱ፣ በመስከረም 1991፣ አራት ውድድር በተከታታይ አሸንፏል። ኤሊየት የመጨረሻ ድሉን በ2003 ሲያገኝ 48 ዓመቱ ነበር። ዋልትሪፕ የመጨረሻ ድሉን ያገኘው በ45 ዓመቱ ነው። እድሜ ምንም አያደርግም እያልኩ አይደለም፣ ዓይንም ወገብም ይደክማል፣ በተለይ በ1990 ዴይቶና ትራክ ልምምድ ላይ ተጋጭቶ እግሩ ለተሰበረ ሰው። ግን እድሜ ብቻውን መልስ ከሆነ ኤሊየት ለስድስት ዓመት አንድም ሳያሸንፍ ቆይቶ ዕድሜው እየጨመረ ሲሄድ ለምን ማሸነፍ እንደጀመረ ንገሩኛ። ልንገራችሁ?

የራስን ቲም መክፈት፣ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው

ዋልትሪፕ ከ1987 እስከ 1990 ባለቲሙ ሪክ ሄንድሪክ ጋር ነበር፣ እዛ ሆኖ ነው በ1989 የናስካርን ትልቁን ውድድር ዴይቶና 500ን በ17ኛ ሙከራው፣ በ17 ቁጥር መኪና፣ ነዳጅ ቆጥቦ ቆጥቦ ያሸነፈው። ከዛ በ1991 ወጥቶ የራሱን ቲም ከፈተ። ማንም «ምን ነካህ» አላለውም፣ ለምን ይበሉት፣ በ1975 ናሽቪል ላይ የመጀመሪያ ድሉንም ያገኘው በገዛ መኪናው ነበር። ደግሞም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት አምስት አሸነፈ። ወጥመዱ እሱ ነው፣ መጥፎ ውሳኔ ወዲያው መጥፎ ውጤት አያመጣም፣ መጀመሪያ ላይ ያመጣኸው እውቀትና ያመጣሃቸው ሰዎች ይሰሩልሃል፣ ሂሳቡ የሚመጣው በሶስተኛው ዓመት ነው።

ከዛ በ1992 አለን ኩልዊኪ የሚባል፣ በትምህርቱ መካኒካል ኢንጂነር የሆነ፣ ጁኒየር ጆንሰን «ና ንዳልኝ» ሲለው እምቢ ብሎ በራሱ ትንሽ ቲም የሚነዳ ልጅ፣ አትላንታ ላይ ኤሊየትን በ10 ነጥብ በልጦ ሻምፒዮን ሆነ። ሁሉም ሹፌር «እኔስ?» አለ። ኩልዊኪ በማግስቱ ዓመት ሚያዝያ ላይ ወደ ብሪስቶል ሲሄድ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፣ ቲሙን ጄፍ ቦዳይን ገዛው። ሪኪ ራድ በ1994 የራሱን ከፈተ። ኤሊየት በ1995።

ሚኒባስ ነድቶ የሚያውቅ ሰው ይሄን ቶሎ ይገባዋል። የሰው መኪና ስትነዳ ገቢህን አስገብተህ ማታ ትተኛለህ፣ ባለንብረትም ሹፌርም ስትሆን ግን መሪው ላይ ቁጭ ብለህ የምታስበው ስለ ጎማ ዋጋ ነው። እነዚህ ሰዎች ሰኞ ስፖንሰር ለማባበል እራት ላይ፣ ማክሰኞ የደሞዝ ወረቀት ላይ፣ ረቡዕ የሄደባቸውን መካኒክ ሲተኩ፣ አርብ ላይ ደግሞ ኳሊፋይ አርግ፣ ማለትም ውድድሩ ውስጥ የሚያስገባ ሰዓት አምጣ፣ ይባላሉ። ያን ጊዜ እነ ሄንድሪክና ሩሽ፣ ትልልቆቹ ባለቲሞች፣ ምን እያደረጉ ነበር? ሁለት ሶስት መኪና ይዘው አንዱ ቴስት ላይ ያገኘውን ለሌላው እየሰጡ፣ ኢንጂነር እየቀጠሩ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል የሚባለው ነው። የዋልትሪፕ ባላ አንድ ብቻ ነበር። እሱ ጥሎት የወጣው ሄንድሪክ ከ1995 እስከ 1998 አራቱንም ሻምፒዮና ወሰደ፣ ሶስቱን በጄፍ ጎርደን አንዱን በቴሪ ላቦንቴ። ዋልትሪፕ በ1998 ቲሙን ሸጠ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ኤሊየት የራሱን መኪና በነዳባቸው ከ1995 እስከ 2000 ባሉት ዓመታት አንድም አላሸነፈም። በ2001 ባለቤትነቱን ትቶ የሬይ ኤቨርናም ቲም ገባ፣ በዛው ዓመት ሆምስቴድ ላይ አሸነፈ፣ በ2002 ኢንዲያናፖሊስን ጨመረ። ራድ የተሻለ ቆይቷል፣ በ1997 ኢንዲያናፖሊስን በራሱ መኪና አሸንፏል፣ ግን 16 ዓመት በየሲዝኑ ቢያንስ አንድ ሲያሸንፍ የቆየው ሰው በ1999 ባዶ ወጣና ዘጋው። የሮበርት የትስ ቲም ገብቶ በ2001 እንደገና አሸነፈ። ዋልትሪፕም ራሱ ቲሙን በሸጠበት ዓመት ስቲቭ ፓርክ ተጎድቶ ስለነበር የዴል ኧርንሃርትን ቲም መኪና ለጥቂት ውድድር ሲነዳ በራሱ መኪና ያጣውን ውጤት አመጣ። የኧርንሃርት! በ1986 ሪችመንድ ላይ ውድድሩ ሊያልቅ ጥቂት ዙር ሲቀረው ዋልትሪፕን ገጭቶ ግድግዳ ላይ የለጠፈው ሰውዬ። ሰውየው ያው፣ እድሜው ያው፣ የተቀየረው መኪናውና የሰኞ ሀሳቡ ነው።

«ቶኒ ስቱዋርትስ በ2011 ባለቤት ሆኖ ሻምፒዮን አልሆነም?» የሚል አይጠፋም፣ ሁሌም አለ። ሆኗል፣ ከካርል ኤድዋርድስ ጋር በነጥብ እኩል ወጥተው በድል ብዛት በልጦ። ግን ጂን ሃስ የሚባል ሀብታም ሸሪክ ነበረው፣ ሞተሩንና ሻሲውን ከሄንድሪክ ነበር የሚያመጣው። ያ ሌላ ጨዋታ ነው። ባለቤት መሆን አይደለም ችግሩ፣ ብቻህን ባለቤት መሆን ነው።

ጭብጨባን ከብቃት ጋር ማምታታት

ዋልትሪፕ እያሸነፈ በነበረበት ጊዜ ሰው ይጮህበት ነበር። አፉ አያርፍም፣ ያርቦሮ «ጆውስ» ብሎ ስም ያወጣለት ለዛ ነው። በ1989 ሻርሎት ላይ፣ ምርጦቹ ብቻ በሚነዱበት በኦልስታሩ ውድድር፣ ረስቲ ዋላስ መጨረሻ አካባቢ ገጭቶ ሲያሽከረክረው ነው የሰዉ ልብ የተገለበጠው፣ ክፉው ልጅ በአንድ ቀን የተበደለ ልጅ ሆነ። በ1989ም በ1990ም ተወዳጁ ሹፌር ተብሎ ተመረጠ፣ በ1990 ደግሞ አንድም ውድድር አላሸነፈም። ስለዚህ «በዛን ጊዜማ ሰዉ እንዴት ይወደው ነበር» ብላችሁ ከፍታውን እዛ ጋ አታስቀምጡት።

የመጨረሻውን ድል እንደ መሰናበቻ ማየት

የዋልትሪፕ መጨረሻ የ1992 ዳርሊንግተን ነው፣ ሳውዘርን 500፣ ዝናብ መጥቶ ሳይጨርሱ ያስቆማቸው። ከአራቱ ትልልቅ ውድድሮች ያላሸነፈው ያን ብቻ ነበር። ያን ቀን ማንም መጨረሻው ነው ብሎ አላሰበም፣ እሱም አላሰበም። አሁን ቪዲዮውን የሚያይ ሁሉ ፊቱ ላይ ሀዘን ያየ ይመስለዋል፣ አረ ተዉ፣ ሰውየው እየሳቀ ነበር።

በጊዜ አልወጣም ብሎ መፍረድ

ሪቻርድ ፔቲ 200ኛውን ድል ሐምሌ 4፣ 1984 ሬጋን እያየው ዴይቶና ላይ ካገኘ በኋላ እስከ 1992 ሳያሸንፍ ነድቷል። በ1989 ኳሊፋይ ሳያደርግ የቀረባቸው ውድድሮች ነበሩ፣ ከዛ የቀድሞ ሻምፒዮኖችን ሰዓታቸው ባይበቃም የሚያስገባ ሕግ መጣ፣ ዋልትሪፕም በኋላ በዛ ሕግ ብዙ ገባ። ሰው ይሄን ሲያወራ ለዋልትሪፕ ያፍርለታል። እኔ አላፍርለትም፣ ስፖንሰሩ የከፈለው ስሙን አይቶ ነው፣ ስሙ ደግሞ ትራክ ላይ ካልወጣ ገንዘብ የለም። ማፈር ካለበት ሌላ መንገድ ያላስቀረለት ሂሳብ ነው። ደግሞ ዋልትሪፕ በመጨረሻው ዓመት፣ በ2000፣ ኢንዲያናፖሊስ ላይ ከፊት መስመር ተነስቷል፣ በ53 ዓመቱ።

84ን ከፔቲ 200 ጋር ማወዳደር

ፔቲ በ1967 ብቻ 27 አሸንፏል፣ ያኔ በዓመት ከ40 በላይ ውድድር ነበር። ዋልትሪፕ በነዳበት ዘመን 30 አካባቢ። ካወዳደራችሁ የውድድሩ ብዛት ከተቀነሰበት ከ1972 ወዲህ አወዳድሩ፣ ጎርደን 93፣ ዋልትሪፕ 84፣ ጂሚ ጆንሰን 83።

የመጨረሻው፣ ወንድማማቾቹን ማምታታት። ማይክል ዋልትሪፕ ታናሹ ነው፣ 462 ውድድር ሳያሸንፍ ቆይቶ በ2001 ዴይቶና 500ን ያሸነፈው እሱ ነው፣ ዳረል ያን ቀን ፎክስ ላይ ውድድሩን ያስተላልፍ ነበር። ማይክልም በአንድ ክረምት መንዳት ተምሮ አይደለም፣ ለኧርንሃርት ቲም የነዳው የመጀመሪያ ውድድሩ ስለነበር ነው።