ጣርማበርን በሞተር ስትወርዱ

ብቻችሁን በሞተር ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋሮቢት ለምትወርዱ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጣርማበር ዋሻ ከመግባታችሁ በፊት ቆም በሉ። መብራት አብሩ፣ ጥቁር መነጽር አውልቁ። ጣሊያን የቆፈረው ይህ ዋሻ ከ500 ሜትር በላይ ይረዝማል። ከፀሐይ ድንገት ስትገቡ ዓይን ለጥቂት ሰከንድ ምንም አያይም።

ዋናው ጉድ ግን ከዋሻው በኋላ ነው። ቁልቁለቱ እስከ ደብረ ሲና ይጠማዘዛል። ነዳጅ ልቆጥብ ብላችሁ በዜሮ ማርሽ እንዳትለቁት! ሁለተኛ ማርሽ አስገቡና ሞተሩ ራሱ ይያዝላችሁ። ፍሬን ነካ ለቀቅ ብቻ። እኔ መጀመሪያ ጊዜ የኋላውን ፍሬን እንደረገጥኩ ወረድኩ። መሃል ላይ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ከዚያ ብረግጠው፣ ብረግጠው፣ አልይዝ አለ። እንደምንም ዳር ይዤ ቆምኩና እስኪቀዘቅዝ ግማሽ ሰዓት ያህል ጉም ሳይ ቆየሁ።

ጉሙ ከወፈረ የመንገዱን ዳር እያያችሁ ሂዱ እንጂ የፊተኛውን መኪና መብራት አትከተሉ።

ለብርዱ ደግሞ ከጃኬት ስር ደረታችሁ ላይ ጋዜጣ አድርጉ። ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ነፋሱ አጥንት ይገባል። ጓደኞቼ ይስቁብኛል፣ ግን ይሠራል። ሸዋሮቢት ቆላው ስትደርሱ ያንኑ ጋዜጣ አውጥታችሁ ታራግቡበታላችሁ።