የታሪክ ማስተርስ ልትጀምሩ ነው? ቴሲሱን እንዲህ ጀምሩት

ብዙ ሰው ፕሮፖዛል ሲጽፍ "የድሬዳዋ ታሪክ ከምስረታዋ እስከ ዛሬ" ብሎ ይነሳል፣ እሱ ግን እድሜ ልክ ቢሰራም አያልቅም።

መጀመሪያ አጥብቡት። እዛው ድሬዳዋ እንቆይ፣ ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 እ.ኤ.አ. ደረሰና ከተማዋ በሱ ምክንያት ተቆረቆረች፣ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1917 እ.ኤ.አ. ነው፣ ሀዲዱ ለአመታት ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ነበር። እና በዛ ጊዜ ከባቡሩ ላይ እቃ እየተረከበ ወደ መሀል አገር የሚጭነው ሲራራ ነጋዴ እንዴት ነበር የሚሰራው? አሁን ጥያቄ አገኛችሁ ማለት ነው።

ከዛ ርዕሱን ከመውደዳችሁ በፊት መዝገቡ መኖሩን እዩ። ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ሂዱ፣ 6 ኪሎ ገነተ ልዑል ቤተ መንግስት የነበረው ግቢ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ላይብረሪም ግቡና ያልታተሙ የድሮ ቴሲሶችን አገላብጡ፣ እውነት ለመናገር ብዙ ወርቅ ያለው እዛ ነው። ቋንቋውንም አስቡበት፣ የባቡሩ ኩባንያ ወረቀት ፈረንሳይኛ ስለሆነ ፈረንሳይኛ ካልቻላችሁ ከዛሬ ጀምሩ ወይ ርዕስ ቀይሩ። መካከለኛው ዘመን ከሆነ ደግሞ ያለ ግእዝ አይሞከርም፣ የብራና ማይክሮፊልም ግን ሚኒሶታ ያለው የሂል ቤተ መጻሕፍት ብዙውን በነጻ ኦንላይን ስላስቀመጠው ቤታችሁ ሆናችሁ ማንበብ ትችላላችሁ።

ቀጥሎ ከሌላ ዲፓርትመንት ተበደሩ። የድሬዳዋው ከዚራ ቀጥ ያለ መንገድና ጥላ ያለው ሰፈር ሲሆን ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው መጋላ ለምን ሌላ መልክ ያዘ ብትሉ መዝገብ ብቻ አይመልስላችሁም፣ ካርታ ማንበብ ከጂኦግራፊ፣ ሰፈርን ማየት ከሶሲዮሎጂ መማር ያስፈልጋል።

ቃለ መጠይቁ ላይ ረጋ በሉ። አዛውንት ፊት ቁጭ ብላችሁ "በስንት ዓመተ ምህረት ነው?" አትበሉ፣ "አባባ፣ ጣልያን ሳይገባ ነው ከወጣ በኋላ?" በሉ፣ ከሚያውቁት ነገር ጋር አያይዘው በደንብ ይነግሯችኋል። ሳታስፈቅዱ አትቅረጹ፣ አንዱን ወሬም ቢያንስ ከሶስት ሰው ስሙት።

ዘመን ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ስትቀይሩ ዝም ብላችሁ 8 አትደምሩ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሶስተኛ ሳምንት አካባቢ ልዩነቱ 7 ነው። ጣልያን አዲስ አበባ የገባበት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ግን 1936 ይሆናል።

የፎልደር ቁጥሩን ደግሞ ወረቀቱን ባያችሁበት ደቂቃ ጻፉት፣ እኔ አንዷን ደብዳቤ መልሼ ለማግኘት ሳምንት ሙሉ ፈጅቶብኛል።