የዕጣን ፍም በቤት ውስጥ ለማቀጣጠል የትኛው ምድጃ ይሻላል?

በውጭ አገር በአፓርታማ ውስጥ ለምትኖሩና ቡና ሲፈላ ዕጣን ማጨስ ለምትወዱ ሁሉ፣ ለሺሻ ተብሎ የሚሸጠው ከኮኮናት ቅርፊት የተሠራ ከሰል በክብሪት የሚያያዝ አለመሆኑን አስቀድማችሁ ብታውቁ ይጠቅማችኋል። እኔ የምመርጠው ለብቻው የሚሰካና የማሞቂያ ሽቦው በብረት ቱቦ የተሸፈነ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሲሆን፣ ከሰሉን በመቆንጠጫ እያገላበጡ ሁሉም ጎኑ እስኪቀላ 10 ደቂቃ ያህል መጠበቅ በቂ ነው። ሽቦው ተጋልጦ የሚታይበት የሸክላ ምድጃ ግን በብረት መቆንጠጫ ሲነካ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ስለሚችል ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆንም። ገጹ መስታወት የሆነው ምድጃ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ በማግኔት ኃይል የብረት ዕቃን ብቻ የሚያግለው የኢንዳክሽን ምድጃም ከሰል አያግልም። የጋዝ ምድጃ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ፍርፋሪው የእሳቱን ቀዳዳዎች እንዳይደፍን ከሰሉን በጠንካራ የሽቦ ወንፊት ላይ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ነጭ ጋዝ ማርከፍከፍን እባካችሁ ተዉት፤ ነበልባሉ ድንገት ይነሳል፣ ሽታውም የዕጣኑን መዓዛ ያጠፋዋል።

የትኛውንም ብትመርጡ፣ ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ ከቀላ በኋላም ቀለምና ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ መውጣቱን ስለማያቆም፣ መስኮት ሳትከፍቱ አታቀጣጥሉ። የማጨሻውን ፍም በመኝታ ክፍል አታሳድሩ፤ ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ የተሰማው ሰው ካለ ሁላችሁም ወዲያውኑ ወደ ውጭ ውጡና የድንገተኛ እርዳታ ጥሩ።