ለመገጣጠሚያ መስመር ዕቃን በኪት አዘጋጅቶ ማቅረብ እንዴት ይቻላል?

መስመር ላይ የቆመ ሠራተኛ ሥራው መግጠም ነው። ካርቶን መቅደድ፣ ዕቃ ፍለጋ መዞር፣ ከሚመሳሰሉ ቱቦዎች መሃል ትክክለኛውን መለየት ጊዜውን ይበላበታል። ኪት ማለት ለአንድ ምርት የሚያስፈልገውን ዕቃ ቀድሞ በአንድ ትሪ ወይም ጋሪ ላይ አሰናድቶ ማድረስ ነው።

መጀመሪያ አንድ የሥራ ቦታ ምረጡና ቆማችሁ እዩ። ሠራተኛው ስንቴ ከቦታው ይነሳል? ምን ፍለጋ? መዝግቡት። ይህን ዘሎ ጋሪ ግዢ ውስጥ የሚገባ ብዙ ነው፤ ያሳዝናል።

ቀጥሎ ዕቃውን ለዩ። ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉንም በኪት ላድርግ ማለት ያከስራል። ለኪት የሚሆነው እንደ ሞዴሉ የሚለያይ ወይም መስመሩ ዳር ብዙ ቦታ የሚይዝ ዕቃ ነው። ብሎን፣ ዳዶና ሮንዴላ ለየኪቱ እየቆጠሩ ማስገባት ግን ልፋት ብቻ ነው። ለእነሱ ሁለት ሳጥን አስቀምጡ። የፊተኛው ሲያልቅ ባዶው ይወጣል፣ የኋለኛው ወደ ፊት ይመጣል። ባዶው ሳጥን ራሱ ትእዛዝ ነው፤ ሌላ ወረቀት አያስፈልገውም።

ለሁሉም ሞዴል የሚያገለግል፣ ቶሎ ቶሎ የሚያልቅ ዕቃም በሳጥን መስመሩ ዳር ይቀመጥ። ስንት ሳጥን? በሰዓት 60 ፍሬ ያልቃል፣ ባዶው ሄዶ ሞልቶ እስኪመለስ 2 ሰዓት ይፈጃል እንበል። 120 ፍሬ ሆነ። 20 በመቶ መጠባበቂያ ሲጨመር 144። አንዱ ሳጥን 24 ከያዘ 6 ሳጥን ይበቃል። ቶዮታ ያስተዋወቀው የካንባን ካርድ፣ ማለትም ያለቀው ዕቃ እንዲሞላ የሚያዝዘው ካርድ፣ ብዛቱ የሚሰላው በዚሁ መንገድ ነው።

ትሪውን አሁን ሥሩ። ትሪው ላይ ስፖንጅ አንጥፋችሁ በየዕቃው ቅርጽ ቁረጡት፤ ዕቃዎቹንም በሚገጠሙበት ቅደም ተከተል ደርድሩ። ክፍት ቦታ ከታየ ዕቃ ጎድሏል። ሥራው አልቆ ትሪው ላይ ዕቃ ከቀረ ደግሞ ሳይገጠም የታለፈ ነገር አለ። አንዱ ስፖንጅ ሁለት ጊዜ ይቆጣጠርላችኋል።

የጎደለ ኪት መስመር ላይ አይውጣ። «ከሚቀጥለው አንስተን እንሙላው» የሚባለው ነገር ጉድለቱን ከኪት ወደ ኪት ያሻግረዋል እንጂ አይደፍነውም። ቀይ ምልክት አድርጋችሁ እዚያው ስቶር አቆዩት። መስመር ላይ ብልሽት ለሚገኝበት ዕቃ ደግሞ በመዝገብ የሚወጣ ትንሽ መጠባበቂያ ይኑር።

ማመላለሻው የታወቀ መንገድና ሰዓት ይኑረው። ሙሉውን አድርሶ ባዶውን ይዞ ይመለስ። ፎርክሊፍት ሰው ከሚመላለስበት ይራቅ። ከባዱ ዕቃ በወገብና በደረት መካከል ባለ ከፍታ ይቀመጥ። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ናዮሽ ለአንድ ሰው የማንሳት ሥራ ስሌቱን የሚጀምረው ከ23 ኪሎ ነው፤ ያውም ሁሉም ነገር ሲመቻች። ማጎንበስና መጠማዘዝ ሲጨመር ቁጥሩ ይወርዳል።

በመጨረሻ መልሳችሁ ለኩ። ኪት ሥራ አያጠፋም፤ ከመስመሩ ወደ ስቶር ያዛውረዋል። ስለዚህ ገጣጣሚው ያተረፈውን ደቂቃ ኪት አዘጋጁ ከሚፈጅበት ደቂቃ ጋር አስተያዩ፤ የቀነሰውን የአገጣጠም ስህተትም ቁጠሩ። በሁለቱም ጥቅም ያላመጣ ዕቃ ከኪቱ ወጥቶ ወደ መስመሩ ዳር ይመለስ።