የፈረንሳይኛ ቃል ከላቲን ሥሩ ተነስቶ እንዴት ይቆረጣል?

ፈረንሳይኛ የሚማር ሰው ሁለት ሥራ ባንዴ ይመጣበታል። ቃሉን በክፍለ ቃል ቆራርጦ ማንበብ አለ። የቃሉን ዘመዶች ማወቅም አለ፤ አንዱን ሲይዝ ሌሎች አምስት ስድስት ቃላት እንዲከተሉት። ብዙ ሰው ታዲያ ሁለቱን ሥራ ይደባልቃል። ሥሩ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ቃሉም የሚቆረጥ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም።

በራሳችን ቋንቋ እንየው። «መጽሐፍ» የሚለውን ቃል ቀስ ብላችሁ በሉት። አፋችሁ የሚቆርጠው «መጽ-ሐፍ» ብሎ ነው። ሥሩ ግን ጽ-ሕ-ፍ ነው፤ «መ» ከፊት የተቀጠለ ነው። የሥሩ የመጀመሪያ ድምፅ ዘመዶቹን ትቶ ከ«መ» ጋር ሄዷል። ፈረንሳይኛም ይህንኑ ያደርጋል። ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ከፍላችሁ ሥሩን ለብቻ ፈልጉ፣ መቁረጡን ለብቻ ሥሩ።

የፈረንሳይኛ ቃላቱን እዚህ እንደሚነበቡት በፊደል ነው የምጽፋቸው። ማስመሪያ ደብተርና መዝገበ ቃላት አጠገባችሁ ካለ ትክክለኛ አጻጻፋቸውን እያያችሁ ብትከተሉ ይሻላል።

ቤተሰቡን መሰብሰብ

ለመለማመጃ «ስክሪቤሬ» የሚለውን ላቲን እንውሰድ፤ መጻፍ ማለት ነው። ከዚህ ሥር የወጡትን በአንድ ገጽ ላይ አስፍሩ፦ ኤክሪር (መጻፍ)፣ ኤክሪቱር (አጻጻፍ)፣ ኤክሪቫን (ደራሲ)፣ ዴክሪር (መግለጽ)፣ ዴስክሪፕሲዮን (ገለጻ)፣ ኤንስክሪር (መመዝገብ)፣ ኤንስክሪፕሲዮን (ምዝገባ)፣ ማኑስክሪ (የእጅ ጽሑፍ)።

አሁን አናባቢዎቹን እርሷቸውና ተነባቢዎቹን ብቻ ተከተሉ። አማርኛ ተናጋሪ ለዚህ ሥራ አዲስ አይደለም፤ ጸሐፊን፣ ጽሕፈትንና ጽሑፍን አንድ ቤት የምናስገባቸው በተነባቢ ነው። የላቲኑ ተነባቢዎች ስ-ክ-ር-ብ ናቸው። ክ እና ር በሁሉም ላይ አሉ። ብ ግን ተለዋዋጭ ነው። «ኑ ኤክሪቮን» (እንጽፋለን) ላይ ቭ ሆኗል። ዴስክሪፕሲዮን ላይ ፕ ሆኗል። ኤክሪር ላይ ጭራሽ የለም። ብ፣ ቭ እና ፕ ሦስቱም ከንፈር ላይ የሚወጡ ድምፆች ስለሆኑ ሲለዋወጡ ብታዩ አትደናገጡ።

ስ የት ገባ? ይሄ የሚጥመው ክፍል ነው። በጥንቱ የጎል አገር፣ ማለትም በዛሬዋ ፈረንሳይ፣ ላቲን ይናገር የነበረው ሕዝብ ቃል በ«ስክ» ወይም በ«ስት» ሲጀምር አልመች አለው። ከፊት አናባቢ ጨመረበት። እኛም ስፖርትን «እስፖርት»፣ ስታዲየምን «እስታዲየም» የምንለው ለዚሁ ነው። ቃሉ በጥንቱ ፈረንሳይኛ «ኤስክሪር» ሆነ። ቆይቶ ስ ከአነባበብ ጠፋና ኤ ብቻዋን ቀረች።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ዘዴ ይወጣል። በኤ የሚጀምር ቃል ስታገኙ ከኤ ቀጥሎ ስ መልሳችሁ አስገቡና ሞክሩ። ኤኮል (ትምህርት ቤት) «ስኮላ» ይሰጣችኋል። ኤቱዋል (ኮከብ) «ስቴላ» ይሰጣችኋል። ሁልጊዜ ግን አይሠራም። ኤሌፋን (ዝሆን) ላይ ስ ብታስገቡ ምንም አታገኙም።

ታዲያ ዴክሪር ስ ሲጥል ዴስክሪፕሲዮን ለምን ያዘ? ቃላቱ በሁለት መንገድ ስለገቡ ነው። አንዳንዱ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ለዘመናት ተሸርሽሯል። ሌላውን የተማሩ ሰዎች ከላቲን መጻሕፍት እንዳለ አንስተው አስገብተውታል። ዴስክሪፕሲዮን የመጻሕፍት መንገድ ቃል ነው። የማይነበበው ስ በጽሑፍ ላይ ግን ረጅም ጊዜ ቆይቷል። የፈረንሳይ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1740 ባወጣው የመዝገበ ቃላቱ እትም ከብዙ ቃላት ላይ አንስቶ በአናባቢው ላይ ምልክት ተካለት። ኦቴል እና ኦፒታል ላይ ኦዋ ቆብ የደፋችው ለዚህ ነው። እኛ ሆስፒታል ስንል ያ ስ አሁንም አለ። ሆቴልና ሆስፒታል፣ አዎ፣ ዘመዳሞች ናቸው።

መቁረጥ

ሕጉ ብዙ ይመስላል እንጂ አንድ ነው። በሁለት አናባቢዎች መካከል የፈለገው ያህል ተነባቢ ቢደረደር፣ ወደ ቀጣዩ ክፍል የሚሻገረው የመጨረሻው ብቻ ነው። የመጨረሻው ር ወይም ል ከሆነና ከፊቱ እንደ ክ፣ ግ፣ ፕ፣ ብ፣ ፍ ያለ ድምፅ ካለ ግን ሁለቱ አብረው ይሻገራሉ። ት እና ድ ከር ጋር አብረው ይሻገራሉ፣ ከል ጋር ግን ይለያያሉ፤ አት-ላስ።

በዚህ እንቁረጥ። ኤ-ክሪር። ኤ-ክሪ-ቱር። ኤንስ-ክሪር። ዴስ-ክሪፕ-ሲዮን። «ሲዮን» በፊደላችን ብዙ ቢመስልም በዕለታዊ ንግግር በአንድ ትንፋሽ ነው የሚባለው።

ኤንስክሪር ላይ ቆም በሉ። ቅድመ ቅጥያው «ኤን» ነው፣ ሥሩ «ስክሪር»። አፍ ግን ስን ወደ ቅጥያው ገፍቶ «ኤንስ» ብሏል። የመጽሐፍ «ጽ» የደረሰበት ነው የደረሰበት። ማኑስክሪ ደግሞ ይብሳል። በላቲን «ማኑ» በእጅ ማለት ነው፣ «ስክሪፕቱስ» የተጻፈ። ሲቆረጥ ግን ማ-ኑስ-ክሪ ነው። እጁም ጽሕፈቱም በየቦታው ተበትነዋል።

ሁለት ማሳሰቢያ። አንደኛ፣ በቃል መጨረሻ ያለችው የማትነበብ ኧ በጽሑፍ አቆራረጥ እንደ አንድ ክፍል ትቆጠራለች። ስለዚህ ኤክሪቱር በንግግር ሦስት፣ በጽሑፍ አራት ነው። መምህሩ የትኛውን እንደሚፈልግ ጠይቁ። ሁለተኛ፣ መስመር አልቆ ቃሉን ለሁለት ስትከፍሉ አንዲት ፊደል ብቻዋን መጨረሻ ላይ አትተዉ። ኤክሪቱር በመስመር መጨረሻ ላይ የሚከፈለው «ኤክሪ» ብሎ ነው።

በንግግር ሕጉ ከቃል ወደ ቃልም ይሻገራል። «ሌ» (ብዙ ቁጥር አመልካች) እና ኤክሪቫን ሲገናኙ በሌላ ጊዜ የማይነበበው የ«ሌ» መጨረሻ ዝ ሆኖ ይነቃል፦ ሌ-ዜ-ክሪ-ቫን። ጀማሪ ሲሰማው «ዜክሪቫን» የሚባል አዲስ ቃል ይመስለዋል።

በሌላ ሥር መሞከር

አሁን ራሳችሁ «ፖርታሬ»ን ሥሩ፤ መሸከም ማለት ነው። ፖር-ቴ። ኤክስ-ፖር-ቴ። ትራንስ-ፖር-ቴ። ሥሩ «ፖርት» ነው፣ ግን ት ሁልጊዜ ወደ መጨረሻው ክፍል ትሻገራለች። በቢሮና በወታደር ቤት የምናውቀው «ራፖር» እንኳ ከዚሁ ነው። ፊቱ ላይ ሁለት ቅድመ ቅጥያ ተደርቦ ስለተጨመቀ ነው እንደዚያ ያጠረው።

እዚህ ላይ ጆሮ ያታልላል። ፓስፖርት የዚህ ቤተሰብ አይደለም። በእሱ ውስጥ ያለው «ፖር» ወደብ ወይም መተላለፊያ ነው፣ ከ«ፖርቱስ» የመጣ። ስፖርት ግን፣ ማንም ባይጠብቀውም፣ የቤቱ ልጅ ነው። በጥንቱ ፈረንሳይኛ «ዴስፖር» መዝናናት ነበር፤ እንግሊዞች ወስደው ፊቱን ቆርጠው መለሱት።

ጥርጣሬ ሲገባችሁ መዝገበ ቃላት ውስጥ የቃሉ አመጣጥ የተጻፈበትን መስመር ተመልከቱ፤ ሁሉም የፈረንሳይኛ ቃል የላቲን አይደለምና። ከፈረንሳይኛ የወረስነውን ለገሃርን ውሰዱ። «ላ-ጋር» ተብሎ ያለ ችግር ይቆረጣል። «ጋር» (ጣቢያ) ግን ከጀርመን ወገን ቋንቋዎች የገባ ነው። ከላቲን የመጣችው ከፊቱ ያለችው ትንሿ «ላ» ብቻ ናት።