የባህር ዳርቻ ካርታው ግራ ሲያጋባ፦ ችግርና መፍትሄ

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ የምንኖር ብዙዎቻችን ሰመር ሲመጣ የሜሪላንዷ የባህር ዳር ከተማ ኦሽን ሲቲ ብቅ ማለት ለምደናል። አሁን ደግሞ እዚያው ኮንዶ ለመግዛት የሚያስቡ ወዳጆች አሉኝ። የማዕበልና የመሸርሸር ካርታዎችን ኢንተርኔት ላይ ይከፍቱና "ይሄ ነገር ተበላሽቷል እንዴ?" እያሉ ይደውሉልኛል። አብዛኛውን ጊዜ ካርታው ጤነኛ ነው። ሰዎች ቁጠባቸውን የሚያወጡበት ጉዳይ ስለሆነ ግን በደንብ ማየት ያስፈልጋል።

ችግር፦ ዳርቻው ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀይ ነው

የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ (ዩኤስጂኤስ) ካርታ ላይ ካተጎሪ 1 (ከአምስቱ ደረጃዎች ደካማውን) ሃሪኬን ስትመርጡ የሚያጋጥም ነው። 90 በመቶ ዕድል የሚል ቁጥር ሲያዩ ብዙዎች ይደነግጣሉ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ካርታው ሃሪኬን ይመጣል ወይ የሚለውን አይመልስም። የሚመልሰው "ሃሪኬኑ በቀጥታ እዚህ ቢመታ አሸዋው ምን ይሆናል?" የሚለውን ነው። ይህንንም ለእያንዳንዱ የዳርቻ ቁራጭ ለየብቻ ያሰላል። አንድ ሃሪኬን ደግሞ ሁሉንም ቦታ በቀጥታ አይመታም።

በዚያ ላይ ካርታው የሚያሳያቸው ነገሮች ሦስት ናቸው። አንደኛው ሞገዱ የአሸዋ ክምሩን እግር ሲቦረቡር ነው። ሁለተኛው ሞገዱ ክምሩን ዘሎ አሸዋውን ወደ መንገድና ወደ ቤት ሲገፋ ነው። ሦስተኛው ክምሩ ራሱ ውሃ ውስጥ ሲሰጥም ነው። የመጀመሪያው በደካማ ሃሪኬን እንኳ በብዙ ቦታ ይደርሳል፤ ስለዚህ ያ ሌየር (የካርታው ንብርብር) ብቻውን ቢቀላ አይግረማችሁ።

መፍትሄ፦ ሌየሮቹን አንድ በአንድ አብሩ። ቤት የምትገዙ ከሆነ ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ጊዜ ውሰዱ። እውነተኛ ሃሪኬን እየመጣ ከሆነ ግን ይህን ተዉትና ለዚያው ማዕበል ተብሎ የወጣውን ትንበያ ፈልጉ። የወጣበትን ቀንና ሰዓትም እዩ።

ችግር፦ አንዱ ካርታ 3 ጫማ፣ ሌላው 6 ጫማ ይላል

ዜሮአቸው አንድ አይደለም። የኖኣ (የአሜሪካ የውቅያኖስና የአየር ጉዳይ መሥሪያ ቤት) የባህር ከፍታ ካርታ የሚቆጥረው በየቀኑ ከሚደርሰው ከፍተኛ የውሃ ሙላት አማካይ ተነስቶ ነው። የፊማ (የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት) የጎርፍ ካርታ በአብዛኛው ናቭዲ 88 ከሚባለው ቋሚ መነሻ ይለካል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሃሪኬን ማዕከል የማዕበል ጎርፍ ካርታ ደግሞ ከቆማችሁበት መሬት በላይ ያለውን ውሃ ነው የሚናገረው። ቁጥር ከማወዳደራችሁ በፊት ማብራሪያው ላይ መነሻውን አንብቡ። ማመሳሰል ከፈለጋችሁ የኖኣ ቪዴተም የሚባለው ማስሊያ በነፃ ይሠራላችኋል።

ችግር፦ ካርታው ደረቅ ይላል፣ መንገዱ ግን ውሃ ነበር

የኖኣው ካርታ ውሃውን እንደ ረጋ ኩሬ ነው የሚሞላው። ሞገድ፣ ማዕበልና መሸርሸር አልገቡበትም። አረንጓዴ ቀለም ካያችሁ ደግሞ እንዳታልፉት። ዝቅ ያለ ግን ከባህሩ ጋር ሲገናኝ ያልታየ ቦታ ማለት ነው። ከመሬት በታች ያለ ቱቦ ሊያገናኘው ይችላል። ዝናብ ባልጣለበት ቀን፣ ባህሩ ሲሞላ ሄዳችሁ መንገዱን እዩ፤ ጎረቤትም ጠይቁ።

ችግር፦ "ዳርቻው እየሰፋ ነው" የሚል ቁጥር

በዩኤስጂኤስ የዳርቻ ለውጥ ካርታ ላይ መቀነስ ማለት መሸርሸር፣ መደመር ማለት መስፋት ነው። መደመር ያየ ሰው ደስ ይለዋል። ግን ኦሽን ሲቲ ላይ በየጥቂት ዓመቱ አሸዋ ከባህሩ ወለል እየተመጠጠ ዳርቻው ላይ ይደፋል። እንዲህ ባለ ቦታ ቁጥሩ የባህሩን ባህርይ ብቻ ሳይሆን ሰው የደፋውንም አሸዋ ይይዛል።

የሰው እጅ ምን ያህል እንደሚለውጥ ለማየት ከከተማው በስተደቡብ ተመልከቱ። በነሐሴ 1933 የመጣ ሃሪኬን ደሴቱን ለሁለት ሰነጠቀው። መተላለፊያው እንዳይዘጋ ግራና ቀኙ የድንጋይ ግድብ ተሠራለት። ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚጓዘው አሸዋ እዚያ ተያዘ። የከተማው ደቡብ ጫፍ ሰፋ፤ ማዶ ያለው የአሳቲግ ደሴት ሰሜናዊ ክፍል ግን አሸዋ አጥቶ ወደ ምዕራብ ሸሸ። ሳተላይት ምስሉ ላይ ሁለቱ ዳርቻዎች በአንድ መስመር ላይ አለመሆናቸው በዓይን ይታያል።

መፍትሄ፦ የረጅም ጊዜውንና የአጭር ጊዜውን መጠን ጎን ለጎን እዩ። አሸዋ መቼ መቼ እንደተደፋ ከተማውን ጠይቁ። ሁለቱም አማካይ ስለሆኑ አንድ ማዕበል በአንድ ሌሊት ከዚያ በላይ ሊወስድ እንደሚችልም አትርሱ።

ካርታው ጭራሽ ካልተከፈተ ሌየሮቹን አጥፉ፣ ወደ ቦታችሁ ቀረብ በሉ፣ ብሮውዘር ቀይሩ። ሃሪኬን ሲቃረብ ገጾቹ ስለሚጨናነቁ የሰፈራችሁን ምስል ቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ።

ችግር፦ "ፊማ ዞን ኤክስ ነው ብሏል፣ ኢንሹራንስ አያስፈልገኝም"

ዞን ኤክስ አደጋው ዝቅ ይላል ማለት እንጂ የለም ማለት አይደለም። ካርታው ወደፊት የሚመጣውን የባህር መጨመርም አይቆጥርም። አደጋው ከፍ ባለባቸው፣ በኤ ወይም በቪ በሚጀምሩት ዞኖች ደግሞ "የ100 ዓመት ጎርፍ" ሲባል በየዓመቱ 1 በመቶ ዕድል ማለት ነው። በ30 ዓመት የቤት ብድር ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመድረሱ ዕድል 26 በመቶ ገደማ ይሆናል። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም። የመንግሥቱ የጎርፍ ኢንሹራንስ ደግሞ ከተገዛ በኋላ ሥራ ለመጀመር አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን ይፈጃል። ስለዚህ ሃሪኬኑ በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ብትገዙት ለዚያ ማዕበል አይደርስላችሁም።